ሰባተኛዋ መርፌ

በማጠፊያው ክፍል ማንም ብቻውን አይቆጥርም። አጣፊው ፓራሹቱን ከረጢት ውስጥ ከትቶ ከዘጋ በኋላ ከጠረጴዛው ሳይነሳ ቁጥር ይጠራል፤ ሁለተኛው ሰው የመሣሪያ ሰሌዳው ፊት ቆሞ እያየ ይመልሳል። «አንድ።» «አለ።» «ሁለት።» «አለ።» እንዲህ እያሉ እስከ ስምንት። ሰሌዳው ላይ ከእያንዳንዱ መሣሪያ ጀርባ የራሱ ቅርጽ በነጭ ቀለም ተስሏል፤ መቀሱ ሲነሳ ነጭ መቀስ ይቀራል፣ ፒንሳው ሲነሳ ነጭ ፒንሳ ይቀራል። ከሰሌዳው የጎደለ መሣሪያ ከረጢቱ ውስጥ ነው። ከረጢት ውስጥ የቀረ መሣሪያ ደግሞ ሰው ይገድላል። የሚመልሰው ሰው «ምስክር» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሁለቱም አንድ ካርድ ላይ ፈርመው ካርዱን ከረጢቱ ኪስ ውስጥ የሚከቱትም ለዚህ ነው።

ልጅቷ ከአሥራ ስምንት ዓመቷ ጀምሮ የአባቷ ምስክር ነበረች። «ምስክሬ» ይላት ነበር፤ ከእሱ አፍ ሰምተው የአየር ሜዳው ሰዎች ሁሉ ምስክሬ አሏትና ሌላው ስሟ ቤት ውስጥ ቀረ። አባቷ በዚያ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት አጥፏል። ያጠፈው ፓራሹት አንድም ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም። ዘላዮች አውሮፕላን ከመግባታቸው በፊት ካርዱን መዘዝ አድርገው ፊርማውን ያያሉ፤ ሲያዩት ትከሻቸው ረገብ ይላል።

ከስድስት ወር በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ አሥራ አንድ ቁጥር ተጠባባቂን አጠፈ። ተጠባባቂ ማለት ደረት ላይ የሚታጠቁት ትንሹ ፓራሹት ነው፤ ጀርባ ላይ ያለው ዋናው እምቢ ሲል የሚሳብ፣ ከእሱ በኋላ ሌላ ተስፋ የሌለው። ቆጠሩ፣ ፈረሙ፣ አባቷ በብረት ማኅተም አሸገው። ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ ጋደም እንዳለ በዚያው ቀረ።

ከቀብሩ በኋላ ክፍሉን መጀመሪያ የከፈተችው ምስክሬ ናት። ቀና ብላ ሰሌዳውን ስታይ ሰባተኛው ቦታ ላይ ነጩ ቅርጽ ብቻውን ነበር።

ሰባተኛዋ ማቆያ መርፌ ናት። ጣት የምታህል፣ ከረጢቱ በሚዘጋበት ጊዜ ቀለበቶቹን ለጊዜው ይዛ የምታቆይ ብረት። እንዳትረሳ ጭራዋ ላይ ረጅም ቀይ ጥብጣብ ይታሰርላታል። የዚያን ሳምንት ግን ጥብጣቧ ተበጥሶ ነበር፤ አባቷ «ነገ አስርላታለሁ» ብሎ ነበር።

የሥራ ኮቱን ኪሶች አንድ በአንድ ገለበጠች። ወለሉን በእጇ ዳሰሰች። መርፌዋ የለችም። ከዚያ ከተማ ወርዳ መሳይዋን ገዛች፣ አዲስ ቀይ ጥብጣብ አሰረችላት፣ ነጩን ቅርጽ ሸፈነችው። ለማንም አልተናገረችም። አፈሩ ሳይደርቅ «ለካ እሱም ተሳስቶ ነበር» ሲባል መስማት አልፈለገችም።

ድምፁን የሰማችው በሳምንቱ ነው። ልማዱ በሁለት ሰው ቢሆንም ለዋና ፓራሹት ምስክር ግዴታ ስላልሆነ ብቻዋን ታጥፋለች፤ የልማድ ነገር ሆኖባት ግን ራሷ ትጠራለች፣ ራሷ ትመልሳለች። «ስድስት።» «አለ።» «ሰባት።»

አፏን ሳትከፍት፣ ከመደርደሪያው «አለ» የሚል መጣ።

የታፈነ ድምፅ ነበር፣ በወፍራም ጨርቅ ውስጥ አልፎ የሚመጣ። አልጮኸችም። እንዲያውም ደስ አላት፤ አባባ ትቶኝ አልሄደም አለች በልቧ። በማግስቱም መጣ፤ በሦስተኛው ቀንም። ሁልጊዜ ሰባት ላይ፣ ሁልጊዜ አሥራ አንድ ቁጥር ካለበት በኩል። አንድ ቀን ሆን ብላ ከረጢቱን አውርዳ ወንበር ላይ አስቀመጠችውና ቆጠረች። ድምፁ ከወንበሩ መጣ። ያን ጊዜ መርፌዋ የት እንዳለች ገባት፤ ደስታዋም እንደ ፈሰሰ ውሃ ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ቁጥርን ከሁሉም ኋላ ትሸሽገዋለች። ዘላይ እጁን ወደዚያ ከሰደደ «እሱ ማሰሪያው ይላላል፣ ሌላ ልስጥህ» ትላለች። አንድም ሰው አልታጠቀውም። ቢሆንም ተጠባባቂ ስድስት ወር ሲሞላው የግድ ይከፈታል፤ ሰኞ ደግሞ ለዚሁ የተመደበው መርማሪ ይመጣል። ማኅተሙን ይሰብርና መርፌዋን ከአባቷ ፊርማ ሥር ያወጣታል። እሷ ቀድማ እንዳትከፍተው ፈቃድ የላትም፤ ማኅተም ያለ ፈቃድ ከተነካ ማን ነካው፣ ለምን ነካው ይባላል። ጠያቂ ሳይኖረው የሚሰበር ማኅተም አየር ላይ የተሰበረ ብቻ ነው።

ሐሳቡ የመጣላት ከዚህ ነው። አጣፊ ተጠባባቂ የማጠፍ ፈቃድ የሚያገኘው ራሱ ባጠፈው ዋና ፓራሹት አንዴ ከዘለለ በኋላ ነው። ምስክሬ ስምንት ዓመት ሙሉ ዛሬ ነገ እያለች ስታመልጥ የኖረች ልጅ፣ ድንገት «ቅዳሜ እዘላለሁ» አለች። ዋናው ራሷ ያጠፈችው ይሆናል። ደረቷ ላይ አሥራ አንድ ቁጥርን ትታጠቃለች። ዋናው ከተከፈተላት በኋላ፣ ገና ከፍ ብላ ሳለች፣ የተጠባባቂውን እጀታ ትስባለች፤ መርፌዋ ጨርቁ መሀል ወድቃ ከሆነ ከጨርቁ ጋር ተበትና እርሻ ላይ ትወድቃለች። «ደንግጬ ሳብኩት» ትላለች። ጀማሪ አይደነግጥም የሚል የለም። የአባቷም ስም እንደነበረ ይኖራል።

ሁለት ፓራሹት አየር ላይ ሲጠላለፍ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃለች። መርፌዋ ጨርቁ መሀል ሳትሆን ቀለበቶቹ ውስጥ ከሆነችስ የሚለውን ግን፣ በመጣባት ቁጥር ሌላ ሥራ ትፈልግለት ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እናቷ ዳቦ እየቆረጠች ጠበቀቻት።

«ቁርስ ሳትቀምሺ ልትሄጂ ነው?»

«ሆዴ አይቀበልም እማዬ።»

«አባትሽም ሊዘል እንደዚሁ ባዶ ሆዱን ሄዶ፣ ሲመለስ ድስቱን ሙልጭ አድርጎ ጨረሰልኝ። 'ሰማዩን አይቼዋለሁ፣ ይበቃኛል' አለ፤ ሁለተኛ አልዘለለም።» ቁራሹን በወረቀት ጠቀለለችና ጃኬቷ ኪስ ውስጥ ከተተችላት። «ያዢው። ደግሞ አፍሽ ሞልቶ ከሰው ጋር አታውሪ። 'ምስክሬ ሥራ የምትገባው እየጎረሰች ነው' እያለ ስንቴ ስቆብሻል።»

ምስክሬ በሩን ይዛ ቆመች። «እማዬ፣ አባባ ሥራ ላይ ቢሳሳት ይነግርሽ ነበር?»

እናቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ምን ተሳሳተ?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።»

«እሱ? ወጡ ላይ ጨው ሲበዛ እንኳ ሳልጠይቀው 'እኔ ነኝ' ይል የነበረ ሰው!» ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ቆመ። «ዛሬ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ፍርሃት ነዋ፣ ምን ይሆናል» ብላ ወጣች።

አየር ሜዳው ላይ ዘላዮችን እየፈተሸ የሚያዘልለው ጋሽ ላባ ጠበቃት። ላባ የተባለው መቶ አሥር ኪሎ ስለሚመዝን ነው። ማሰሪያዎቿን አንድ በአንድ እየጎተተ ፈተሸና ደረቷ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«አሥራ አንድ? ይላላል ስትዪን የከረምሽው እሱ አይደለም እንዴ?»

«አጠበቅሁት ጋሼ።»

ከከረጢቱ ኪስ ካርዱን ግማሽ ድረስ መዘዘ። የላይኛውን መስመር ብቻ አየ፤ ሁሉም ሰው የሚያየው የላይኛውን መስመር ነው። ፊቱ ወከክ አለ። «የአባትሽ እጅ! እንግዲህ ምን ቀረሽ? እሱ ደረትሽ ላይ ቁጭ ብሎልሽ ልትፈሪ ነው?» ካርዱን መልሶ አስገባው።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከአብራሪዋ ጋር አራት ሆኑ። አራተኛው የመጀመሪያ ዝላዩ የሆነ ጥርስ ሐኪም ነው፤ ከመሬት ከተነሱ ጀምሮ አፉ አልተዘጋም።

«እኔ እኮ ወንበሬ ላይ ለሚቀመጥ ሁሉ 'ምንም አይሰማዎትም' እላለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ! እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«አይዞህ ዶክተር» አለ ጋሽ ላባ፣ «ምንም አይሰማህም። አፍህን ብቻ ክፈት።»

በሩ ተከፈተ። ነፋሱ ገብቶ ቀልዱን ሁሉ ጠራርጎ ወሰደው። ሐኪሙ በሩ ላይ ነበረ፤ ከዚያ በሩ ላይ አልነበረም። ከአውሮፕላኑ ጋር ያሰረው ገመድ ተወጥሮ፣ ፓራሹቱን ስቦ ከፈተለትና ባዶውን ተመልሶ በአውሮፕላኑ ሆድ ላይ መገረፍ ጀመረ።

ጋሽ ላባ የእሷን ገመድ አሰረና ጆሮዋ ሥር መጥራት ጀመረ። ከመዝለል በፊት እዚህም ይቆጠራል።

«የራስ ቁር!»

«አለ!»

«ገመድ!»

«አለ!»

«ዋናው!»

«አለ!»

«ተጠባባቂ!»

ከአገጯ ሥር፣ ከደረቷ ላይ፣ «አለ» የሚል መጣ።

እሷ አፏን አልከፈተችም። ጋሽ ላባ ግን ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ግንባሩን ቋጥሮ ተጠጋት። «አንቺ ልጅ፣ ምን እያኘክሽ ነው? እዚህ ቁርስ ይበላል? ዋጪው!»

«ምንም አልበላሁም ጋሼ።»

ሞተሩ ድምፅዋን ዋጠው። ስድስት ወር ሙሉ፣ ከሐዘን የመጣ ነው፣ ጆሮዬ ነው እያለች ራሷን ስታጽናና ኖራለች። አሁን ሌላ ሰው ሰምቶታል። ሰምቶም አላመነታም፤ የእሷን ድምፅ የሰማ ይመስል «እሺ» ብሎ አልፎታል።

«ሂጂ!» አላት፣ ትከሻዋን መታ አድርጎ።

እግሯን ከብረቱ ስታነሳ የሚይዛት ነገር ፈለገች፤ የሚይዛት ነገር አልነበረም። ሰማይና እርሻ ቦታ ተለዋወጡ፣ ደግሞ ተመለሱ። «አንድ» አለች እንደተማረችው፣ «ሁለት፣ ሦስት፣ አራት» እና የሆነ ነገር በሁለት ትከሻዋ ይዞ ወደ ላይ አነሳት። ቀና ብላ አየች። ዋናው ሞልቶ ተከፍቷል፤ እያንዳንዷን እጥፋት ታውቃታለች፣ በእጇ ያለፈች ናት።

ከዚያ ጸጥታው መጣ።

እንዲህ ያለ ጸጥታ እንዳለ ማንም አልነገራትም። አውሮፕላኑ ርቋል። የሚያስተጋባ ግድግዳ የለ፣ የሚንሾካሾክ ቅጠል የለ። እርሻዎቹ ከታች ተዘርግተዋል፤ አንድ መንገድ፣ አንድ የማይንቀሳቀስ መኪና፣ አቅጣጫ እንድትከተል መሬት ላይ የተነጠፈው ነጭ የጨርቅ ቀስት። ከዚህ ሲታይ ሜዳው ሁሉ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ይመስላል፣ ቀስቱም ከላዩ የሆነ ነገር የተነሳለት ነጭ ቅርጽ። ብወድቅ እዚያ ላይ የኔ ይሳላል ብላ አሰበች።

እጇን እጀታው ላይ አሳረፈች። አሁን ካልሆነ ከፍታው ያልቅባታል። «ይቅር በለኝ አባባ» አለችና ሳበችው።

እጀታው ከነሽቦው ተመዝዞ እጇ ላይ ቀረ። ከረጢቱ አልተከፈተም።

ጎኑን መታችው። ጠርዙን በጣቷ ቦጨቀችው። እንደ ተዘጋ አፍ ግጥም ብሎ ደረቷ ላይ ተቀምጧል። ያላሰበችው ነገር አሁን ፊቷ ላይ ነበር፤ መርፌዋ ጨርቁ መሀል አይደለችም፣ ቀለበቶቹን ይዛ ቆማለች። ዛሬ ዋናው እምቢ ቢላት ኖሮ ይህንኑ እጀታ እንደያዘች መሬት ትደርስ ነበር።

ያን ጊዜ፣ ማንም ቁጥር ሳይጠራ፣ ከረጢቱ «አለ» አለ።

ሞተር አልሸፈነውም፣ ግድግዳ አላደበዘዘውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ብሎ ሰማችው። ጨርቅ አልነበረም ያፈነው። ድምፁ አፉ ሙሉ ነው። ዳቦ እያኘከ ነው። የሚቸኩል፣ የሰለቸው፣ ሌላ ነገር የሚያይ የሴት ድምፅ ነው።

የራሷ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት አርፍዳ ነበር የገባችው። ዳቦዋን በአንድ እጇ፣ ስልኳን በሌላው እጇ ይዛ ነበር። ሰሌዳው ፊት ቆማለች፤ ዓይኗ ግን ስልኩ ላይ ነው። ጓደኛዋ የላከችላት የሚያስቅ ነገር ነበር፣ ምን እንደነበረ አሁን እንኳ አታስታውሰውም። «ሰባት» አለ አባቷ ከጠረጴዛው። «አለ» አለች እየጎረሰች። እሱ ትንሽ ቆም አለ። «እያየሽ ነው ምስክሬ?» «እያየሁ ነው አባባ።» ከዚያ «ስምንት» አለ። አምኗት።

ስድስት ወር ሙሉ የሞተ አባቷ የሚያጽናናት መስሏት ነበር። ቀጥሎም ጥፋቱን የሚናዘዝ መስሏት ነበር። እሱ አንድም ቃል አልተናገረም።

መሬቱ መጣ። እግሯን ገጥማ ልታርፍ ሲገባት በጎኗ ወደቀች፤ ዋናው ጥቂት ጎትቷት ተኛ። ሐኪሙ ከማዶ «ምንም አይሰማም! ምንም አይሰማም!» እያለ እጁን እያውለበለበ ወደ እሷ ይሮጣል። ሲደርስ እጇ ላይ ያለውን እጀታ አየ፣ ደረቷ ላይ ያለውን ዝግ ከረጢት አየ፤ ባለሙያ መሆን ሳያስፈልገው ገባውና የሚያውለበልበውን እጁን አወረደ።

ጋሽ ላባ አውሮፕላኑ እንዳረፈ ማጠፊያው ክፍል ገባ። እሷ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ፣ እጀታውን ከጎኑ አስቀምጣ ቆማ ነበር። የተበጠሰውን ማኅተም አየ፣ መሸፈኛዎቹን በግድ ፈልቅቆ ገለጠ። መርፌዋ ሁለቱን ቀለበቶች ሰክታ ተጋድማ ነበር፣ ጥብጣብ አልባ፣ ዝገት ያልነካት ንጹሕ። ሲመዝዛት ጨርቁ ሁሉ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

ጋሽ ላባ በአባቷ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ወንበሩ ጮኸ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት» አለ። «ልቡ እያመመው ኖሮ ይሆናል እኮ ያን ጠዋት። ዓይኑም ደክሞ ነበር።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «መርማሪው ማወቁ አይቀርም፣ አልዋሽሽም። ግን ማንም በክፉ አያነሳውም። እሱም ሰው ነው።»

በሩ ክፍት ነበር። እሷ ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃል። የሚያዝኑላት ሰዎች ይበዛሉ። ደረቷ ላይ የከረጢቱ ክብደት አሁንም ያለ ይመስላት ነበር።

«ጋሼ፣ ካርዱን አውጣው።»

«አይቼዋለሁ እኮ።»

«የታችኛውን መስመር አንብበው።»

አወጣው። ሙሉውን መዘዘው። «ምስክር» ከሚለው ጎን የእሷ ፊርማ ነበር፤ የመጨረሻው ፊደል ላይ በቅባት የወዛ የጣት አሻራ አለበት።

«አባባ ጠርቷል» አለች። «ደግሞም ጠይቆኛል። እያየሁ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። አላየሁም ነበር። አፌ ሙሉ ነበር። መርፌዋ መጥፋቷንም ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ አውቃለሁ፤ ያቺን አዲሷን የሰቀልኳት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ላባ ቀና ብሎ አያት። አፉ ትንሽ ተከፈተ። «ቅድም አውሮፕላኑ ላይ…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ተነሳ። «ለመርማሪው አሁኑኑ ልደውል» አለ። «አንቺ የመሰከርሽባቸው የቀሩት ሁሉ ይከፈታሉ። እዚሁ ጠብቂኝ።» በሩ ጋ ሲደርስ ተመልሶ ከረጢቱን አየው፤ ከዚያ ከወትሮው ፈጠን ብሎ ወጣ።

ምስክሬ ብቻዋን ቀረች። የእኩለ ቀን ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ነጩ ጨርቅ ላይ ተኝቷል። አዲሷን መርፌ ከሰሌዳው አወረደች፣ አሮጌዋን ሰቀለች። በነጩ ቅርጽ ልክ ገጠመች። ኪሷ ውስጥ ያለውን የዳቦ ጥቅል አውጥታ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠችው። ስልኳንም አጠገቡ። ከዚያ ሰሌዳው ፊት ቆመችና ጆሮዋን ጣለች። ባዶው ከረጢት ምንም አላለም።

ከኋላዋ፣ ከጠረጴዛው ራስ፣ ሁልጊዜ ከሚቆምበት ቦታ፣ የማይቸኩል የወንድ ድምፅ «ሰባት» አለ።

ዞር አላለችም። ምስክር ዓይኑን ከሰሌዳው አያነሳም። መርፌዋን አየቻት፣ በጣቷም ነካቻት፤ ቀዝቃዛ ነበረች።

«አለ» አለች። ከዚያም ሳትጠየቅ፣ «እያየሁ ነው አባባ።»

ትንሽ ቆም አለ።

«ስምንት።»